የሐሙሱን ክፍል መልሱልን

ለሆስፒታላችን ሥራ አመራር፣ ለሱስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ እና ክፍሉን በበላይነት ለሚከታተለው ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ የሐሙስ ከሰዓት ቡድን አባላት ነን። በሱስ ሕክምና ክፍላችሁ ተኝተንም ተመላልሰንም ታክመናል። አብዛኞቻችን በመጠጥ፣ በጫት ወይም በሁለቱም የመጣን ነን። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ያመጣንም አለን። እስከ ጳጉሜን ድረስ በየሳምንቱ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተመላላሽ ሕክምናው ሕንፃ ጫፍ ባለችው ክፍል እንሰበሰብ ነበር። መስከረም ላይ ስንመጣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮት ስናይ ወንበሮቻችን ተደራርበው ጥግ ይዘዋል፤ መሀሉ በካርቶን ተሞልቷል። አስቀድሞ የነገረን ሰው የለም። "ስቶር ሆኗል" ያለን ጥበቃው ነው።

የሆስፒታሉን ስም እዚህ ያልጻፍነው አሁንም እዚያ የሚታከሙ ጓደኞች ስላሉን ነው። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለት ጊዜ በአካል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀናል። ያገኘነው መልስ "ቡድኑ በገለጻ ተተክቷል" የሚል ብቻ ነው። ገለጻው በወር አንዴ በአዳራሽ ይሰጣል። ከሰባ የማያንስ ሰው ይቀመጣል፣ አንድ ባለሙያ ስላይድ እያሳየ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ አቴንዳንስ ይፈረማል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ብዙ ሰው በአንዴ ስለሚያዳርስ ይሻላል ተብለናል።

ባለሙያው የሚናገረው ስህተት ነው አላልንም። ሁሉም እውነት ነው። ግን እኛ እውነቱን አጥተነው አይደለም የታመምነው። መጠጥ ጉበት እንደሚጎዳ የማያውቅ ጠጪ አላጋጠመንም። ኤች አይ ቪ በምን እንደሚተላለፍ ከልጅነታችን ጀምሮ በሬዲዮ ስንሰማ ነው ያደግነው። የጎደለን ሌላ ነገር ነው። ጓደኛ ሲደውል ምን እንላለን? አክስታችን ብርጭቆ ይዛ ስትቆምስ? ኪሳችን ውስጥ ኮንዶም እያለ እንዴት እናወጣዋለን? ይህ የሚለመደው በልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ጥቂት ሰው፣ የተዘጋ በር እና ጊዜ ይፈልጋል።

እዚያች ክፍል ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር በወረቀት ደርሷችሁ እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ አንዱን ሐሙስ እንንገራችሁ።

ቡድኑን የምትመራው ሲስተር ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠች። አንዱ የደዋይ ነው፣ ሌላው የተቀባይ። ተቀባዩ ላይ የተቀመጠው የሚኒባስ ሹፌር ነው። መጠጥ ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ደዋዩ ከእኛው አንዱ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጀመረ። "የት ጠፋህ ባክህ! ሁላችንም እዚህ አለን። ለሰላምታ ብቻ ብቅ በል።" ሹፌሩ "ዛሬ እንኳን አይመቸኝም" አለ። "አስር ደቂቃ ብቻ!" ሹፌሩ ዝም አለ። ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ "እሺ፣ መጣሁ" አለ። ጨዋታ መሆኑን ረስቶት ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ሕክምናው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሚስቱ። ደዋዩ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ነበረው። ሲስተር አስቆመቻቸው። "ምክንያት በሰጠህ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍትለታለህ" አለችው። ሦስተኛው ላይ ሹፌሩ እንዲህ አለ፦ "አልመጣም ወንድሜ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ። ደህና እደር።" ዘጋው። በቃ ይኸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነተኛው ስልክ መጣ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገቢውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። "አላሰብኩም፣ አፌ ላይ ነበረ" አለን። አቴንዳንስ መፈረም ይህን አያመጣም።

ሌላው ነገር ሰንሰለቱ ነው። ከእናንተ መካከል ጫት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ይኖራልና በግልጽ እንንገራችሁ። በርጫ ከምሳ በኋላ ይጀመራል። ምርቃናው ሲመጣ ዓለም በእጅህ ነው። ሲያልቅ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሐሳብ ይበዛል። ስለዚህ ማታ ለጨብሲ ይወጣል፤ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር። ትልቁ አደጋ ያለው ከጨብሲ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ኮንዶም የሚረሳው ያኔ ነው። ሰክሮ መሪ የሚያዘውም፣ ጠብ የሚነሣውም ያኔ ነው። ጠዋት ሲነጋ ሰውየው "ምን ነካኝ?" ይላል። በዚያ ሰዓት ግን ምክር የሚሰማ ጭንቅላት አልነበረውም።

ቡድኑ ያንን ሌሊት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስኬደናል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በፊት የት ነበርክ? ከዚያስ በፊት? ማን ደወለ? ኪስህ ውስጥ ስንት ብር ነበር? ምሳ በልተህ ነበር? ሹፌራችን ለዚህ ስም አወጣለት፤ "ወራጅ አለ" ብሎ። የት ጋ ነው "ወራጅ አለ" ማለት የምትችለው? አንዱ አባላችን ውሳኔው ያለው ሴትየዋ በር ላይ ይመስለው ነበር። ሰሌዳው ላይ ሲያየው ሰባት ፌርማታ ቀድሞ ነው። ደሞዝ የተቀበለ ቀን በዚያ ሰፈር በኩል ወደ ቤቱ መሄዱ ነው ሁሉንም የሚጀምረው። አሁን በደሞዝ ቀን ሚስቱ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች። መንገዳቸውንም ቀይረዋል። ይህን ስላይድ አይነግረውም። የእሱ ሰንሰለት የእሱ ብቻ ነውና።

"በሞቴ"ንም ተለማምደናል። ለእኛ ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ጠላ በብርጭቆ ይዛ "በሞቴ" የምትልህ ዘመድህ ክፉ ሰው አይደለችም። ወዳህ ነው። እምቢ ስትላት የገፋሃት ይመስላታል። ስንቶቻችን ነን ከጠበል ተመልሰን፣ ከሆስፒታል ወጥተን፣ በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ ለቅሶ ቤት የወደቅነው! ቡድኑ ውስጥ እውነተኛ ብርጭቆ ውኃ ተሞልቶ ይቀርብልናል። ሲስተር ዘመድ ትሆናለች፤ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ታኮርፋለች። እኛ ተነሥተን እንመልሳለን። "እትዬ፣ ከእጅሽ የወጣ ሁሉ ይጣፍጣል። ሐኪም ከልክሎኛል። ብርዝ ካለ እሱን ስጪኝ፣ ከሌለ ቡናሽን እጠጣለሁ።" ዘመድ ሳይከፋ፣ እኛም ሳንወድቅ የምንወጣበት ቃል ነው። ይህን ስታነቡት ቀላል ይመስላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፊት ቆማችሁ ሞክሩት።

አሁን ቅሬታችንን እናስቀምጥ።

መጀመሪያ የምናነሣው የአንድ ወጣት ጉዳይ ነው። ትራማዶል ካቆመ ሰባት ሳምንት ሆኖት ነበር። ቡድኑ ከተዘጋ በኋላ የጥቅምቱን ገለጻ ተከታትሏል፤ ፊርማው ይኖራችኋል። ስላይዱ ላይ ትራማዶል እንደሚጎዳ ተጽፎ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ሐራራው በረታበት። ድሮ ይወስደው የነበረውን ያህል ዋጠ፣ ቢራም ጨመረበት። ሲያንቀጠቅጠው እናቱ ደረሰችለት። በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቡድኑ ውስጥ ግን "ብንወድቅስ?" የሚባል ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ነበር። ያረፈ አካል የድሮውን መጠን እንደማይችል እዚያ ነው የምንማረው። ብቻችንን ሆነን እንዳንሞክር፣ ለማን እንደምንደውል፣ የቤተሰብ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እዚያ ነው የምናወራው። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን ኪሳችን እንከታለን። ይህ ልጅ ያን ክፍለ ጊዜ ሊወስድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው በሩ የተቆለፈው።

ሁለተኛው የምስጢር መጠበቅ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ አንዱ አባላችን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ማክሰኞ ማታ ጠጣሁ፣ ከማላውቃት ሴት ጋር ነበርኩ፣ ምንም አልተጠቀምኩም" አለ። ሲስተር ውይይቱን ለሌላ ሰው ትታ ያኔውኑ ይዛው ወጣች። ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ደረሰ። መድኃኒቱንም ጨረሰ። በኋላ የተደረገለት ምርመራም ነፃ መሆኑን አሳይቷል። ሰባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ እጁን አውጥቶ ይህን ይናገር ነበር? ኮሪደር ላይ "የሱሰኞች ተራ" ተብሎ ጮክ ብሎ በሚጠራበት ቦታስ? አዎ፣ እንዲያ እየተባልን ነው የምንጠራው። ጎረቤቷን እዚያ አግኝታ ሳትታከም የተመለሰች ሴት እናውቃለን።

ስለ ሴቶቹ በተለይ መናገር አለብን። ቡድናችን ውስጥ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ሁለት ብቻ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሁለት ጊዜ መጥታ ቀረች። በዚህ እኛ ወንዶቹም ጥፋት አለብን። ስትናገር የሳቀ ነበር፤ ዝም ብለን አለፍነው። በኋላ ለሲስተር የነገረቻትን በእሷው ፈቃድ እንጽፋለን። መጠጡን ቤት ይዞ የሚገባው ባሏ ነው። ኮንዶም እንጠቀም ስትለው "ማንን ይዘሽ ነው?" ይላታል። ከመጠጡ በላይ የምትፈራው ያንን ጥያቄ ነው። ታዲያ ይህችን ሴት "ኮንዶም ተጠቀሚ" ብሎ መሸኘት ምን ይረዳታል? እሷ የሚያስፈልጋት ሰካራም ባልን በየትኛው ሰዓት ማናገር እንደሚሻል፣ በምን ቃል እንደሚጀመር፣ ቁጣው ቢነሣ ወዴት እንደምትሄድ መለማመድ ነው። ይህንን ደግሞ ከሴቶች ጋር ነው የምትለማመደው።

ይህ የእኛ ስሜት ብቻ አይደለም። ሲስተር በመጀመሪያው ቀን የነገረችን አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በ12 የሱስ ሕክምና ተቋማት በሚታከሙ 515 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ግማሾቹ ስለ ኤች አይ ቪ አንድ ጊዜ ብቻ ትምህርት ተሰጣቸው። ሌሎቹ በቡድን ሆነው አምስት ጊዜ እየተገናኙ ተለማመዱ። እንዴት እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚደራደሩ፣ አደጋን እንዴት ቀድመው እንደሚያዩ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ወገን ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ቀንሶ ተገኘ። ስድስተኛው ወር ላይ ግን አንድ ጊዜ የተማሩት ወደነበሩበት ተመለሱ። የተለማመዱት ለውጡን ይዘው ቆዩ። በወንዶች ላይም ተመሳሳይ ባለ አምስት ክፍለ ጊዜ ሥልጠና ተሞክሮ ውጤቱ ከተለመደው ትምህርት በልጦ ተገኝቷል። እናንተ ከሁለቱ የመረጣችሁት ስድስት ወር ያልቆየውን ነው። ገለጻው ባለቀ ማግስት ብትጠይቁን ሁላችንም ደህና ነን። ጥያቄው በመጋቢት የት እንገኛለን የሚለው ነው።

ሌላው ሲስተርን ወደ ድንገተኛ ክፍል ማዛወራችሁ ነው። እዚያም እንደምታስፈልግ እናውቃለን። ሆኖም ሹፌራችን ትክክለኛ ስሙን ለመናገር ስምንት ሳምንት ፈጅቶበታል። ያንን ስምንት ሳምንት እሷ ነች የጠበቀችው። አዲስ ሰው ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይጀምርም። ቡድን የሚመራ ባለሙያ በዙር መሀል አይነሣ።

ሰዓቱም እንዲሁ አልተመቸም። ገለጻው ሰኞ ጠዋት ነው። የቀን ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ ጥበቃ ሰኞ ጠዋት ከሥራ ቀርቶ አዳራሽ ሊቀመጥ አይችልም። ሥራ ደግሞ ለእኛ መድኃኒት ነው፤ እሱን አጥተን ለመታከም አንችልም።

አገሪቱ በዚህ ጉዳይ ምንም አልሠራችም አንልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ያ ገና ያልገቡበትን ለመጠበቅ ነው። ገብተን ለወጣነው ግን የቀረልን ያች አንዲት ክፍል ነበረች።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

ቡድኑ ይመለስ። በሐሙስ ከሰዓት፣ በዚያችው ክፍል ወይም በር ባላት ሌላ ክፍል ይሁን። በአንድ ቡድን ከሃያ ሰው አይብለጥ። የአዳራሹ ገለጻ ከፈለጋችሁ ይቀጥል፤ ግን ለአዲስ ታካሚ መግቢያ ይሁን እንጂ የቡድኑን ቦታ አይውሰድ። ለሥራ ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ አንድ ቡድን ይከፈት።

ለሴቶች በሴት ባለሙያ የሚመራ የራሳቸው ቡድን ይቋቋም። ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት እንዳትመለስ የሚቀመጡበት ጥግ ይዘጋጅ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ ቶሎ እንዲመለስ የምንፈልገው ይህ ነው፤ እኛ ቢያንስ ቡድን ነበረን፣ እነሱ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።

ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲዛወር ሌላው ይቀጥል። የተጀመረ ዙር ሳያልቅ አይነሡ። "ብንወድቅስ?" የሚለው ክፍለ ጊዜ ወደ መጨረሻ ከሚገፋ ታካሚው ከመኝታ ክፍል ከመውጣቱ በፊት ይሰጠው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይስማ። ኮንዶም ካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በሰው ፊት ከሚቀመጥ ቡድኑ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ኮሪደር ላይ በሱሳችን መጠራታችን ዛሬውኑ ይቁም። በካርድ ቁጥር መጥራት በጀት አይጠይቅም።

በመጨረሻም ስንት ሰው ፈረመ የሚለው ሪፖርት ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨመር። ከስድስት ወር በኋላ ደውላችሁ ጠይቁን። ስልካችን ካርዳችን ላይ አለ።

ከእኛ በኩል የምንችለውን እናደርጋለን። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየን ሦስት ሰዎች ባለሙያውን ለመርዳት፣ ደዋይም ሆነን አክስትም ሆነን ለመጫወት፣ ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። የገና በዓል እየቀረበ ነው። ለእኛ የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነው፤ ጠላው ከአሁኑ ተጠንስሷል። ከበዓሉ በፊት አንድ ሐሙስ እንኳ ብናገኝ ትልቅ ነገር ነው። መልሳችሁን በተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን እናነበዋለን።

ካርቶኖቹን የሚያወጣ ጉልበት ከጠፋ ንገሩን። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሐሙስ ከሰዓት ቡድን አባላት ተወካይ
የቀድሞ ታካሚ